ጦርነት ኢኮኖሚ ያነሳል፣ ቴክኖሎጂም ይወልዳል የሚባለው ምን ያህል ልክ ነው?

ነጭ_ጠመኔ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠርና ሁለቱም ከመፈክር አያልፉም። አንዱ ወገን «አሜሪካን ከታላቁ ድቀት ያወጣት 2ኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ራዳሩም፣ ፔኒሲሊኑም፣ ጄቱም፣ ኮምፒውተሩም የጦርነት ፍሬ ነው» ይላል። ሌላው «አፍርሶ መሥራት ሀብት አይሆንም» ብሎ በሩን ይዘጋል።

እኔ የምፈልገው አሠራሩን ነው። አንደኛ፣ የአሜሪካ ሥራ አጥነት በ1940 ከነበረበት 14.6 በመቶ በ1944 ወደ 1.2 በመቶ ወርዷል፤ የአገር ውስጥ ምርቱም ተመንድጓል። ይህ እውነተኛ እድገት ነው ወይስ የአቆጣጠር ጉዳይ? ሁለተኛ፣ ከቴክኖሎጂው ውስጥ ጦርነቱ በትክክል የጨመረው የቱን ክፍል ነው? ሦስተኛ፣ ሒሳቡ የሚከፈለው እንዴት ነው? አንዱ አገር ዕዳውን ተሸክሞ ሲሻገር የሌላው ገንዘብ ለምን ተራ ወረቀት ሆኖ ይቀራል? ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. አድርጉልን፣ እንዳንደናገር።

የጎን_ሒሳብ፦

ከመጀመሪያው ልነሳ። ቁጥሮቹን ማንም አልፈበረካቸውም፤ ችግሩ አነባበባችን ላይ ነው።

በ1945 ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ አሜሪካዊ የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር። ሥራ ፈላጊን ከሰልፍ አውጥተህ ካምፕ ስታስገባው ሥራ አጥነት ይጠፋል፤ ለኑሮ የሚውል ዕቃ ግን በአንድም አልጨመረም።

የምርቱ ጉዳይ ይበልጥ ስውር ነው። ሰው ጫማ ሲገዛ የከፈለው ዋጋ ጫማው ለእሱ ያለውን ጥቅም በግምት ይነግረናል። ታንክ ግን ገበያ የለውም፤ መንግሥት ያወጣው ወጪ ራሱ «ዋጋ» ተብሎ ይመዘገባል። ታንኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምርት ላይ ይደመራል፤ በሳምንቱ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ከዚያው ምርት የሚቀንሰው የለም። በ1944 የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ከጠቅላላ ምርቱ ከ40 በመቶ በላይ ስለነበር ይህን እንደ ጥቃቅን ስሕተት ማለፍ አይቻልም። በዚያ ላይ ዋጋ በሕግ ታስሯል። ዋጋ ሲታሰር ንረቱ በጥራት መውረድ፣ በሰልፍና በጥቁር ገበያ ይደበቃል፤ የተደበቀውን ንረት ያላየ ስሌት ደግሞ «እውነተኛ» ምርቱን አጋኖ ያወጣል። ከፌብሩዋሪ 1942 ጀምሮ ለሲቪል ገበያ የሚሆን መኪና ማምረት ቆመ። ለገበያ ያልቀረበ መኪና የዋጋ መለኪያ ውስጥ በስንት ይገባል?

ይህ ሁሉ የቃላት ስንጠቃ ለሚመስለው 1946ን ይመልከት። በዚያ ዓመት የአሜሪካ እውነተኛ ምርት ከ11 በመቶ በላይ ወረደ። በወረቀት ላይ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጋር የሚወዳደር ውድቀት ነው። ሥራ አጥነቱ ግን 3.9 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡም ለዓመታት ያላገኘውን ፍሪጅና መኪና ለመግዛት ተሰልፏል። ቁጥሩ ወደቀ፣ ኑሮው ተነሳ።

ታዲያ ሁሉም ቅዠት ነበር? አይደለም። በ1940 የቆሙ ማሽኖችና ሥራ የሚጠብቁ እጆች በብዛት ነበሩ፤ የመንግሥት ግዢ እነሱን ሲያንቀሳቅስ መጀመሪያ ላይ የተጨመረው ምርት እውነተኛ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፦ ያልተሠራበት አቅም መኖሩና ጦርነቱ ፋብሪካዎቹ ካሉበት ምድር ርቆ መካሄዱ። አቅሙ ሁሉ በሥራ ላይ ባለበት አገር ያው ወጪ ከሲቪሉ ማዕድ ላይ በቀጥታ ይነሳል። ብሪታንያ በጦርነቱ ወቅት እንኳ ያልነካችውን ዳቦ በ1946 በራሽን አድርጋለች፤ ራሽኑ ጨርሶ የተነሳው በ1954 ነው። ያውም አሸናፊዋ!

ሻጋታና_ብረት፦

ሁለተኛውን እኔ ልውሰድ። «ፈጠራ» በምንለው ቃል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሥራ ተጠቅልሏል፦ ሐሳቡን ማግኘት፣ እንደሚሠራ ማሳየት፣ በብዛትና በማይዋዥቅ ጥራት ማምረት። ጦርነት የመጀመሪያውን እምብዛም አይነካም። ጉልበቱ ሦስተኛው ላይ ነው።

ፔኒሲሊንን ቀረብ ብለን እንየው። ፍሌሚንግ ሻጋታው ባክቴሪያ እንደሚገድል ያስተዋለው በ1928 ነው። ፍሎሪና ቼይን ኦክስፎርድ ላይ አጣርተውት በፌብሩዋሪ 1941 ለአንድ ፖሊስ ሰጡት። ሰውየው ማገገም ጀመረ፤ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ቢደርሱም መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። ሳይንሱ ሠርቷል። ያቃተው ማምረት ነው።

ለምን አቃተ? ሻጋታው አየር ስለሚፈልግ የሚያድገው በፈሳሹ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምርት መጨመር ማለት ጠፍጣፋ ዕቃ መጨመር ሆነ፤ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ፣ የሕመምተኛ መጸዳጃ ሳህን ሳይቀር። መፍትሔው ሻጋታውን በትልቅ ታንክ ውስጥ አጥልቆ ማሳደግ ነበር፤ ሲወራ ቀላል ነው። ከጀርም የጸዳ አየር ያለማቋረጥ ከታች ይነፋል፤ አየሩ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ እንዲበተን መቅዘፊያ ያማስላል፤ ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ ታንኩ ይቀዘቅዛል፤ አረፋው እንዳይገነፍል ማብረጃ ይጨመራል። ትልቁ ስጋት ብክለት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ በአንዲት ያልጠበቀች ቫልቭ ሾልኮ ከገባ የታንኩ ምርት በሙሉ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ የሚገኘው የግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ሁለት ነገር ጨመረ። አንዱ የሻጋታው ምግብ ነው፤ ከበቆሎ ስታርች ሲመረት የሚተርፈው የመዘፍዘፊያ ፈሳሽ ሲጨመርበት ምርቱ በብዙ እጥፍ አደገ። ሁለተኛው በ1943 ከገበያ በመጣ በሻገተ ካንታሎፕ ሜሎን ላይ የተገኘ፣ ታንክ ውስጥ ጠልቆ ማደግ የሚችል ዝርያ ነው። ፋይዘር ደግሞ ሲትሪክ አሲድ በሻጋታ ሲያመርት የቆየ ስለነበር የማብላላቱን ሥራ ያውቀዋል፤ ብሩክሊን ውስጥ የነበረ የበረዶ ፋብሪካ ገዝቶ እያንዳንዳቸው 7,500 ጋሎን የሚይዙ 14 ታንኮች ተከለና ማርች 1, 1944 ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ ጠቅላላ ምርት በ1943 ከነበረው 21 ቢሊዮን ዩኒት በ1945 ወደ 6.8 ትሪሊዮን ዩኒት ደረሰ።

እዚህ ውስጥ መንግሥት ያደረገው ምን ነበር? የሚመረተውን እንደሚገዛ ቃል ገባ። የፋብሪካው ወጪ በ5 ዓመት ውስጥ ከግብር እንዲቀነስ ፈቀደ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ውጤት ሲለዋወጡ በጸረ ሞኖፖል ሕግ እንደማይከሰሱ አረጋገጠ። ብረቱና ፓምፑ ሲከፋፈልም ቅድሚያ ሰጣቸው። ከአራቱ አንዱም ጥይት የሚጠይቅ አይደለም። ጦርነቱ የሰጠው እነዚህን አንድ ላይ ለመፍቀድ የሚያስፈልገውን የፖለቲካ ፈቃድ ነው።

ሰው ሠራሽ ጎማም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ጀርመኖች ቡና-ኤስ የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ በ1930ዎቹ ይሠሩት ነበር። ጃፓን በ1942 መጀመሪያ ማላያንና የደች ኢስት ኢንዲስን (የዛሬዎቹን ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ) ስትይዝ አሜሪካ ከ90 በመቶ ያላነሰ የተፈጥሮ ጎማ ምንጯን አጣች። ኩባንያዎቹ ፓተንታቸውን (የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸውን) ለመጋራት የፈረሙት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1941 ነው። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቅመም ያዘ፤ ከመቶ 75 እጅ ቡታዳይን፣ 25 እጅ ስታይሪን። በ1945 ዓመታዊው ምርት ከ700,000 ቶን በላይ ነበር። አዲስ ኬሚስትሪ ሳይሆን አንድ ወጥ ደረጃና የጋራ ዕውቀት ነው እዚህ ያደረሰው።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

የሻጋታና_ብረትን ትንታኔ እቀበላለሁ፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለበት። እየቆጠርን ያለነው የተረፉትን ብቻ ነው። ጦርነት ያዘገየውና የቀበረው የት ተመዘገበ?

ቴሌቪዥንን ውሰዱ። ቢቢሲ መደበኛ ስርጭት እያካሄደ ሳለ ሴፕቴምበር 1, 1939 ዘጋው፤ የከፈተው ጁን 7, 1946 ነው። አሜሪካም የንግድ ስርጭት በጁላይ 1941 ጀምራ በማግስቱ ዓመት መቀበያ ማምረት አቆመች። ኢንጂነሮቹ ወደ ራዳር ሄዱ። ከዚያ ያገኙት ልምድ በኋላ ቴሌቪዥኑን እንደጠቀመው አልክድም፤ ሰባት ዓመቱ ግን የትም አልተመዘገበም።

ኮሎሰስ ደግሞ አለ። ብሪታኒያውያን በ1944 መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋሉት ይህ የኮድ መፍቻ ኤሌክትሮኒክ ማሽን ከጦርነቱ በኋላ አብዛኛው ተበታተነ፤ እስከ 1970ዎቹም ምስጢር ሆኖ ቆየ። ተቀርጾ የተሠራ ነገር በሕግ ከተዘጋበት ሌላው ሰው ከዜሮ ይጀምራል። በጦርነት ጊዜ የሚወጣ የምርምር ገንዘብ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ዕውቀቱ ተመረተ፣ ግን አልተሰራጨም።

ጄት የጦርነት ልጅ ነው ለሚለው፦ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊትል የጄት ሞተር ፓተንቱን ያስገባው በ1930 ነው። በ1935 ፓተንቱ የወደቀው 5 ፓውንድ የማደሻ ክፍያ ስላልነበረው፣ የአየር ሚኒስቴሩም አልከፍልም ስላለ ነው። የሰላም ጊዜ ቢሮ ስንፍና እንጂ የጦርነት ጥበብ እዚህ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ጄት አውሮፕላን፣ የጀርመኑ ሃይንከል 178፣ የበረረውም ኦገስት 27, 1939 ነው፤ ጦርነቱ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው። ጦርነቱ ለጀርመን ጄት የጨመረለት የጥሬ ዕቃ እጦት ነው። ኒኬልና ኮባልት ስለጠፋ ጁሞ 004 የተባለው የጀርመን ጄት ሞተር ማቃጠያ ክፍሎች አሉሚኒየም ከተቀባ ተራ ብረት ተሠሩ፤ ሞተሩ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ መቀየር ነበረበት።

«በፍጥነት ማምረት» ስንል ደግሞ ፍጥነቱ ምን አብሮ ይዞ እንደሚመጣ እንይ። ሊበርቲ የተባሉት የጭነት መርከቦች 2,710 ተሠርተዋል። መጀመሪያ አንዱን ለመጨረስ 230 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር፤ በኋላ አማካዩ ወደ 42 ቀን ወረደ። ምስጢሩ በሪቬት (ላሜራ በሚያያይዝ የብረት ሚስማር) ፋንታ ብየዳ መጠቀምና ክፍሎቹን ሌላ ቦታ ገጣጥሞ በክሬን ማምጣት ነው። ከዚያ መሰንጠቅ መጣ። ጃንዋሪ 16, 1943 በዚያው የብየዳ ዘዴ የተሠራው ስኬነክታዲ የተባለ ታንከር፣ የባሕር ሙከራውን ጨርሶ እንደተመለሰ፣ ፖርትላንድ ወደብ ላይ ጸጥ ባለ ውሃ እንደቆመ ለሁለት ሊሰበር ደረሰ። አየሩ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ነበር።

በመጀመሪያ የተወቀሰው በያጁ ነው። የብየዳው ጥራትም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ሥሩ ግን ብረቱ ላይ ነው። የካምብሪጇ ኮንስታንስ ቲፐር እንዳሳየችው ያ ብረት በቅዝቃዜ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በሪቬት የተያያዘ ላሜራ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከላሜራው ጠርዝ ላይ ይቆማል። በብየዳ የተያያዘ ቀፎ ግን አንድ ወጥ ስለሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው ሳያገኝ ወገብ ለወገብ ይዞራል። መነሻው ብዙ ጊዜ የጭነት መግቢያው አራት ማዕዘን ጥግ ነበር፤ ኃይል እዚያ ይጠራቀማልና። መፍትሔው ጥጉን ማክበብና በቀፎው ላይ ሆን ብሎ በሪቬት የተያያዘ ሰቅ ጣልቃ ማስገባት ሆነ። ዛሬ የስብራት ሳይንስ የምንለው ትምህርት ከዚህ አደጋ ብዙ ተምሯል። እንደ ጥቅም ይቆጠር? ይቆጠር፣ መርከቦቹ ግን ከሒሳቡ አይረሱ።

የጎን_ሒሳብ፦

በመርከቦቹ ላይ አንዲት ጭማሪ። የጊዜው መቀነስ «ሠራተኛው እየሠራ ስለተማረ» ተብሎ ብቻ ይጠቀሳል። ከፊሉ ትክክል ነው። ቀሪው ግን በመሐል የተጨመረ ክሬንና የመገጣጠሚያ ሜዳ፣ እንዲሁም የጥራት መላላት ነው። መማሩን ብቻ ወስዶ «ብዙ ካዘዝክ ዋጋው በራሱ ይወርዳል» የሚል የኢንዱስትሪ ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ክሬኑን ረስቶታል።

ግምጃ_ቤት፦

ሦስተኛው ጥያቄ እኔን እየጠበቀ ነበር መሰለኝ። ጦርነት በሦስት ኪስ ይከፈላል፤ በግብር፣ በብድር፣ ገንዘብ በማተም። የሁሉም አገር ልዩነት ያለው በድርሻቸውና በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው።

የአሜሪካ መንገድ እንዲህ ነበር። በ1939 የገቢ ግብር የሚከፍለው ሰው 4 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1945 ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህን ያስቻለው በ1943 የመጣው አሠራር ነው፦ ግብሩ ደመወዝተኛው እጅ ሳይገባ አሠሪው ቆርጦ ያስገባል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ መሰብሰብ በዋጋ ንረት ወቅት ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የተሰበሰበው ብር እስኪገባ ድረስ ዋጋው ይቀልጣል። ቀሪው ብድር ሲሆን ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን አሰረ፤ የአጭር ጊዜ ሰነዱን 3/8 በመቶ፣ የረጅሙን ቦንድ 2.5 በመቶ ላይ። የረጅሙ ቦንድ እስራት እስከ ማርች 1951 ዘለቀ። ዋጋ ቁጥጥሩ በ1946 ሲነሳ ታፍኖ የቆየው ንረት ፈነዳ፤ በ1947 14 በመቶ ደርሷል። 2.5 በመቶ የሚያገኝ ቦንድ የያዘ ሰው 14 በመቶ ሲነጠቅ፣ ያ ማለት ማንም «ግብር» ብሎ ያልጠራው ግብር ከፈለ ማለት ነው። ሕዝብ እጅ ያለው የመንግሥት ዕዳ በ1946 ከአገር ውስጥ ምርት 106 በመቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ሩብ ወረደ። ዋናው ገንዘብ ተከፍሎ ስላለቀ አይደለም፤ ኢኮኖሚው አደገ፣ ዕዳው ባለበት ቀለጠ።

ብሪታንያ ግን የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ነበረባት፤ ያንን በራስህ ዋጋ ንረት ማቅለጥ አይቻልም። በ1946 ከአሜሪካ የተበደረችው 3.75 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2 በመቶ ወለድ፣ የመጨረሻ ክፍያው የተፈጸመው ዲሴምበር 29, 2006 ነው።

ጀርመን በ1ኛው የዓለም ጦርነት ግብር ለመጨመር ፈራች፤ «ተሸናፊው ይከፍላል» ብላ በቦንድ ላይ ቦንድ ሸጠች። ተሸናፊዋ እሷ ሆነች። ከዚያ በጃንዋሪ 1923 ሩር የተባለው የጀርመን የኢንዱስትሪ ክልል በፈረንሳይና በቤልጂየም ጦር ሲያዝ መንግሥት ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች ደመወዝ እያተመ ከፈለ፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት ገቢው በቆመበት ሰዓት። ምርት ወርዶ ገንዘብ ሲያድግ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ንረቱ የቆመው ሬንተንማርክ የተባለው አዲስ ገንዘብ አንዱ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ሲለወጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባንኩ ለመንግሥት ማተሙን ሲያቆም ነው። አዲስ ኖት ብቻውን ንረት አያቆምም።

ነጭ_ጠመኔ (ጠያቂ)፦

አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ልጨምር፦ ምሳሌዎቹ በብዛት ከአሜሪካ ናቸው። ጦርነቱ በገዛ መሬቱ ላይ የሚካሄድበት አገርስ? ዩክሬንን እንደ ምሳሌ ብትወስዱት፣ ድሮኑን «የጦርነት ፈጠራ» ማለት ይቻላል?

ግምጃ_ቤት፦

ገንዘቡን በአጭሩ። የዩክሬን ምርት በ2022 በ29 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ንረቱ 26.6 በመቶ ደረሰ። ማዕከላዊ ባንኩ መጀመሪያ ለመንግሥት አትሞ አበደረ፤ በጁን 2022 ወለዱን ከ10 ወደ 25 በመቶ አንስቶ፣ በጁላይ የአንድ ዶላርን ምንዛሪ ተመን ከ29.25 ወደ 36.57 ሂሪቭኒያ አዛወረ። በ2023 ቀጥታ ማተሙ ቆመ። ይህን ያስቻለው የውጭ ዕርዳታና ብድር ነው። ያ ባይኖር የ1923ቱ መንገድ ሩቅ አልነበረም።

ሻጋታና_ብረት፦

ድሮኑን በተመለከተ፣ አዎም አይደለምም። ኤፍፒቪ የሚባለው (አብራሪው በካሜራው እያየ የሚነዳው) ድሮን መነሻው ለውድድርና ለመዝናኛ የሚሸጥ ዕቃ ነው፦ የካርቦን ፋይበር ፍሬም፣ አራት ሞተር፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ካርድ፣ ሊቲየም ባትሪ፣ ካሜራና የቪዲዮ ማሰራጫ። የጦርነቱ አስተዋጽኦ የማሻሻያ ዑደቱን ማሳጠር ነው። ተጠቃሚው ዛሬ ምልክቱ የት ላይ እንደተቆረጠ ይናገራል፤ ሠሪው ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል፤ ተቃራኒው ወገን ማፈኛውን ያሰፋል። ማፈኛው ሲበረታ በራዲዮ ፋንታ ከድሮኑ ጀርባ የሚተረተር የኦፕቲካል ፋይበር ጥቅል መጣ። ፋይበር አይታፈንም፤ ግን ጥቅሉ ከባድ ስለሆነ የሚሸከመውን ይቀንሳል፣ ዛፍና ሽቦ ላይ ይጠመጠማል። ክፍሎቹም (የሞተሩ ማግኔት፣ የባትሪው ሴል) ከውጭ ስለሚገቡ አቅራቢው አገር ኤክስፖርቱን ሲያጠብቅ መስመሩ ይቆማል። ጠባብ ሥራ ላይ እጅግ ፈጣን ትምህርት ነው፤ ለሲቪል የሚተርፈው ስንት እንደሆነ ገና አልተለየም።

በአንጻሩ የሚጠፋውን አይተህ አመዛዝነው። ትልቅ የኃይል ትራንስፎርመር ሲመታ ከመደብር አይገዛም። እንደ ትዕዛዙ ይሠራል፣ ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል፣ ማምረቱ ብቻ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለማጓጓዝም ልዩ የባቡር ፉርጎና የሚሸከም ድልድይ ይፈልጋል። የዩክሬን ዋና መስመሮች በ750 እና በ330 ኪሎቮልት የተሠሩ ሲሆኑ አብዛኛው የአውሮፓ መረብ ደግሞ 400 ኪሎቮልት ነው። ስለዚህ ጎረቤት አገር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ያየኸውን ትራንስፎርመር ጭነህ ብትወስደው እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታያይዝበት መስመር የለም።